ያለ እሳት ያጤሰው ውኃ

ከጥሩነህ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ጎታ መምረግ ነው። ኅዳር ነበር። ገብሱ ለአጨዳ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ እህሉ የሚገባበት ጎታ ደግሞ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። እኔ ጭቃውን ከአዛባና ከጭድ ጋር አቦካሁ፤ ባሌ ጥሩነህ ጫፍ በሌላቸው ሁለት ጣቶቹ እየጠቀጠቀ ስንጥቁን ሞላ።

«አየሽ፣ ስንጥቅ መንገዱን አይረሳም» አለኝ። «ዛሬ ብንደፍነው ከርሞ የሚከፈተው እዚሁ ላይ ነው። ባሕሩም እንዲሁ ነበር።»

«ዛሬ እንኳ ባሕርህን ተወውና ጢምህ ላይ ያለውን ጭቃ ጥረግ» አልሁት።

በክንዱ ሲጠርገው ጭራሽ ጉንጩን ሁሉ አዳረሰው። ሳቅን። ፀሐይዋ ገና ደጃፉ ላይ ደርሳለች። ረጅሙ ዘንጉ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና፣ መሬቱ ላይ አንድ ጉም አልነበረም። ይህን ጥርት ያለ ሰማይ አንባቢ ይያዝልኝ።

በዚያው ቀን ቀትር ሳይሆን ጥሩነህን ገደሉት። ጣሊያን አይደለም የገደለው። ጣሊያን ቢገድለው ኖሮ ዛሬ ስሙ በቤተ ክርስቲያን ይነሣ ነበር፤ አጥንቱም ከአባቱ አጥንት አጠገብ ያርፍ ነበር። የገደሉት የገዛ ወገኖቹ ናቸው። ስለዚህ ባንዳ ተባለ፤ ከአጥሩ ውጭ ቀበርሁት። ጣሊያን ወጥቶ ሄዷል፤ ስሙ ግን እስካሁን ከአጥሩ ውጭ ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም ያስተማሩት እኔን ነው። ቢሆንም መጻፍ ለእኔ ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ አንድ ገጽ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ኀዘን ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ባላስቀመጠኝ። የሚያስጽፈኝ ንዴት ነው።

ሰፈራችን ከደብረ ወርቅ ወደ ጮቄ ሽቅብ ሲወጣ ያለ ብርዳም አገር ነው። ጥሩነህ በወጣትነቱ ከነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዳ ወርዶ ጅቡቲ ገባ። ከዚያ በመርከብ ሆድ ውስጥ ለእሳቱ ከሰል የሚያቀብል ሠራተኛ ሆነ። ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ በመጨረሻ የባሕር አውሬ ለማደን ወደ ሰሜን የሚሄድ የፈረንጅ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ያ መርከብ በምድር ጫፍ በበረዶ ተይዞ አንድ ክረምት ሙሉ ቆመ። ጥሩነህ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አንድ የሱፍ ካፖርት፣ ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም ዘንግና ማንም ያላመነው ወሬ ይዞ መጣ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፍ ግን እዚያው ቀርቷል፤ ብርድ በልቶት።

በብርድ ጣት ይቆረጣል ቢል ማን ይመነው? ቆማጣ ነው አሉት። ለእኔ ሲታጭ አክስቶቼ አለቀሱ። አባቴ ግን ጠሩት፤ እጁን በብርሃን አገላብጠው አዩና «ይህ የዳነ ቁስል ነው። እናንተ የምታለቅሱት ባላያችሁት ነገር ነው» ብለው ሰጡኝ።

በሠርጋችን ቀን ሰዉ ጠላውን ይዞ ከበበው። ጠያቂው ጎረቤታችን አያ አድማሱ ነበር፤ ምላሱ ስል፣ ሰው ማሳቅ የሚችል ሰው።

«እና ባሕሩ ረጋ ነው የምትለን?»

«ረጋ።»

«እንደ እርጎ?»

«እንደ ድንጋይ።»

«ጨዋማው ውኃ?»

«ጨዋማው ውኃ። ሲረጋ ጨውን ወደ ታች ይተፋዋል። ዓመት የቆየውን በረዶ አቅልጠን እንጠጣ ነበር፤ ከእኛ ምንጭ አይተናነስም።»

«በላዩስ ሄድህበት?»

«በሬ ቢኖረኝ እነዳበት ነበር።»

«ኧረ ባክህ! ጴጥሮስ እንኳ ሰጥሟል!» አለ አያ አድማሱ። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አባ በረዶ» አሉት። በአገራችን የፈረስ ስም የሚሰጠው ለጀግና ነው። ለእሱ ግን ለመሳቂያ ሰጡት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በጥሩነህ ከምናደድባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ሲሰድቡትም ሊያስረዳቸው ይሞክራል።

ሲያስረዳ ልማድ ነበረው። መጀመሪያ መዳፉ ላይ «ሀሀ» ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ነው የሚመልሰው። እዚያ በረዶ ላይ የለመደው ነው አለኝ፤ እጅ ካልሞቀ አፍም አይፈታም። አንቱ እንድለውም አይወድም ነበር፤ «በመርከብ ላይ አንቱ የሚባለው አዛዡ ብቻ ነው፤ እኔ ከሰል አቀባይ ነኝ» ይላል።

እኔ የገባኝ በድስት ነው። አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ ሳለ ድስቱን ክዳን ከደነ።

«እጅሽን ከላይ አድርጊ። ይሞቅሻል?»

«ብዙም አይሞቀኝ።»

ክዳኑን በጣት ያህል ገፋ አደረገ። እንፋሎቱ ወጥቶ እጄን ገረፈኝ።

«በረዶው ክዳን ነው» አለ። «ባሕሩ ከሥር ሙቀቱን ይዞ ተከድኗል። በረዶው ዳር እስከ ዳር ሲገጥም ከላይ ያለው አየር ምራቅ ሳይወርድ ያደርቃል፤ ሰማዩም እንደ መስተዋት ይጠራል። ነፋስ በረዶውን ገፍቶ ሲሰነጥቀው ግን ከስንጥቁ ጢስ ይነሣል፤ እንደ ከተማ ጢስ። ጢሱ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ነፋሱ ወደሄደበት ሄዶ አመዳይ ያራግፋል። ብርዱም ይለዝባል። አንድ ስንጥቅ፣ ይህን ሁሉ!»

«ውኃው ፍል ነው እንዴ?»

«የምን ፍል! ብትገቢበት ትሞቻለሽ። ግን ከአየሩ ጋር ሲተያይ ምድጃ ነው።»

ሌላም ነገረኝ። ነጩ በረዶ ፀሐይን ወደ ሰማይ ይመልሳታል፤ ጥቁሩ ውኃ ግን ይጠጣታል። በበጋ አንዴ ከተከፈተ፣ የጠጣው ፀሐይ ዳርና ዳሩን ያቀልጣል፤ ዳሩ ሲቀልጥ ክፍቱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ የበለጠ ይጠጣል። መርከቡ የወጣውም እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከሩቅ በደመናው ሆድ ላይ ጥቁር ጥላ አዩ። ሽማግሌው መርከበኛ «ከዚያ ሥር ክፍት ውኃ አለ፤ የደመናው ሆድ የታቹን ያሳያል» አላቸው። ወደዚያ እየሰበሩ ወጡ። ዘንጉ ያ የሰበሩበት ዘንግ ነው።

ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል። ያን ሁሉ ያየ ሰው በመንደራችን የሰው መሳቂያ ሆኖ ኖረ። እኔም አንዳንድ ቀን ሰልችቶኝ «በቃህ» ብየዋለሁ።

ከታችኛው ማሳችን በላይ ምንጭ የሚሞላው ኩሬ አለ፤ በዙሪያው ገላጣ መስክ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጭ ባደረ ጠዋት ኩሬው ስስ በረዶ ይለብሳል። ከታች ያለው ገብሳችን ደግሞ ሊደርስ ሲል ውርጩ ያቃጥለዋል። ጥሩነህ ጎህ ሲቀድ ዘንጉን ይዞ እየወጣ በረዶውን ከዳር እስከ ዳር መስበር ጀመረ። የተሰበረው ውኃ ያጤሳል፤ ጢሱ ተንከባሎ ገብሱ ላይ ይተኛል፤ ፀሐይ እስክትወጣ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ሰዉ «አባ በረዶ ውኃ ሊገርፍ ወጣ» ይል ነበር። በዚያ ዓመት የላይኛው ማሳችን ነጭ ገለባ ሆኖ ቀረ፤ ከኩሬው ሥር ያለው ግን ፍሬ ያዘ። ያን ጊዜ መሳቁን ትተው መተት ነው አሉ።

ምንጭ በብርድ ጠዋት እንደሚያጤስ የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ላም ውኃ ያጠጣ ሁሉ ያውቃል። ሲያጤስ ግን እግዜር ያጤሰው እንደሆነ ዝም ይላሉ፤ ሰው በእጁ ካስጤሰው ይፈራሉ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ደብረ ማርቆስ ተቀመጠ፤ በየኮረብታውም ምሽግ ሠራ። ከኩሬው በላይ ባለው ገደል ውስጥ የእኛ አርበኞች ሠፈሩ። አያ አድማሱም ከእነርሱ ጋር ገባ። በዚህ መካከል አበልጃችን ሆኖ ነበር፤ ኋላ በኩፍኝ የሞተችብንን ልጃችንን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። አርበኞቹ ስንቅ ለማምጣትም ሆነ ለመዋጋት ሲወርዱ ያንን ገላጣ መስክ ማቋረጥ አለባቸው። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን ይዞራል፤ ከምሽጉም በመነጽር ያያሉ።

አንድ ቀን አያ አድማሱ ቤታችን መጣ። እኔ ጥጥ እየፈተልሁ እሰማለሁ።

«አበልጄ፣ ያ ጉምህ ሰው ይሸፍናል?»

ጥሩነህ መዳፉ ላይ ተነፈሰ። «ላሞችህ በጉሙ ጠፍተውብህ አንድ ጠዋት ሙሉ ስትፈልጋቸው አልነበረም? እዚያው አጠገብህ ነበሩ።»

«እንግዲያ ሐሙስ ስበርልን።»

«ነፋስ ካልነፈሰ እሰብራለሁ። ነፋስ ካለ ይበትነዋል። ደግሞ ላለቃችሁ ንገረው፤ ጉሙ የሚቆየው ፀሐይ ኩሬው ላይ እስክትደርስ ብቻ ነው።»

«እነግረዋለሁ።»

አልነገረውም። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። አያ አድማሱ ለአለቃው የነገረው «ነገ ጉም ይወርዳል፤ ታይቶኛል» ብሎ ነው። ጥሩነህ ሐሙስ ሰበረ፤ ሰዎቹ መስኩን ሳይታዩ አቋረጡ። በሌላም ሳምንት ሰበረ፤ አለፉ። ሦስተኛም ጊዜ። አያ አድማሱ ጉም የሚታየው ሰው ተባለ፤ ከአለቃው ጋር በአንድ ትሪ መብላት ጀመረ። የጥሩነህ እጅ ደግሞ በብርዱ ውኃ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቃተው። «ከእዚያኛው ባሕር ይልቅ የእኛ ኩሬ ይብሳል፤ እዚያ እንኳ ጓንት ነበረን» ብሎ ቀለደ።

አራተኛው ቀን ጎታውን የመረግንበት ቀን ነው። አያ አድማሱ መጥቶ ስበር አላለውም። ጥሩነህ እንደሆነ ለገብሱ ሲል በየጠዋቱ ይወጣል፤ እሱን መንገር ምን ያደርጋል ብሎ ይሆናል። ለአለቃው ጉም ይወርዳል አለ። ያን ጠዋት ጥሩነህ ዘንጉን ሊያነሣ ሲል የከለከልሁት እኔ ነኝ። ያበጠውን እጁን አይቼ «ገብሱ ደርሷል፤ ከእንግዲህ ውርጭ አይነካውም። ዛሬ ከእኔ ጋር ዋልና ጎታውን እንምረግ» አልሁት። ቀረ። በረዶው ክዳኑን እንደ ገጠመ አረፈደ፤ ሰማዩ ጠራ።

ሰዎቹ የአያ አድማሱን ቃል አምነው፣ ጉሙ አሁን ይወርዳል እያሉ ወጡ፤ መስኩ መካከል ሲደርሱ አውሮፕላኑ መጣ። ጭቃ በእጃችን ይዘን ቦምቡን ሰማን። አራት ሰው ሞተ።

ከዚያ መጡ። ጥሩነህን ከነጭቃው ወሰዱት፤ ተከትየ ሮጥሁ። ገደሉ አፍ ላይ አለቃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከሞቱት አንዱ ወንድሙ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ «ውኃ እያጤሰ አውሮፕላኑን ጠራብን» ይላል። ሌላው «ዛሬ ሆን ብሎ ጉሙን ከለከለን» ይላል። አጢሶ ከሆነ አልከለከለም፤ ከልክሎ ከሆነ አላጤሰም። ሁለቱ ክስ አብሮ አይቆምም። አንድ ሰው ለመግደል ግን አብረው በቁ።

«ውኃውን ታጤሳለህ?» አለው አለቃው።

«አዎ፣ ጌታው።»

«በምን እሳት?»

«እሳት የለውም። በረዶው ክዳን ነው፤ ክዳኑ ሲሰበር ውኃው የያዘውን ሙቀት ይለቃል።»

«የቀዘቀዘ ውኃ ሙቀት አለው ነው የምትለኝ?»

«ከአየሩ ሲተያይ አለው፣ ጌታው። ይህን ያየሁት በሰሜን ባሕር ነው …»

«በማን መርከብ?»

«በፈረንጅ።»

ሰዎቹ አጉረመረሙ። እኔ በልቤ «ጥሩነህ፣ ባክህ አሳጥረው! ገብሴን ከውርጭ ላድን ነው በልና ዝም በል» እላለሁ። እሱ ግን ሙሉውን ነገራቸው። ስንጥቁን፣ ጢሱን፣ የደመናውን ሆድ። የጠየቀው ሁሉ ሊያውቅ የጠየቀ ይመስለው ነበር።

«እንድትሰብር ማን አዘዘህ?» አለ አለቃው።

ጥሩነህ መዳፉ ላይ ተነፈሰ። ከዚያ አያ አድማሱን አየው። ከአለቃው ትከሻ ኋላ ቆሞ ነበር።

«ያዘዘኝ ሰው እዚህ አለ። ራሱ ይናገር» አለ። ስሙን አልጠራም።

አያ አድማሱ የጠመንጃውን አፈሙዝ በጋቢው ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«አያ አድማሱ!» ብየ ጮኽሁ። «ልጄን ክርስትና ያነሣህ! ቤቴ መጥተህ ስበርልን ያልህ! ተናገር እንጂ!»

«ሴትየዋ ደንግጣለች» አለ። «ወደ ቤቷ መልሷት።»

ሁለት ሰዎች እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ተኩሱን የሰማሁት ከኩሬው አጠገብ ስደርስ ነው። በገደሉ ጥላ ሥር ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር።

ካህናቱ ባንዳ በዐጸዱ አይቀበርም አሉኝ። ከአጥሩ ውጭ፣ ኩሬው ከሚታይበት ጉብታ ላይ፣ ከአንድ የሩቅ ዘመዱ ጋር ሆነን ቀበርነው።

ጣሊያን ሲወጣ አያ አድማሱ ባላምባራስ ተባለ። ጉንደ ወይን ገበያ ሲወርድ ሰው ይነሣለታል። የፈረስ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አባ ጉም»። እስቲ ይታያችሁ! ጉሙን በእጁ የሠራው «አባ በረዶ» ተብሎ ተሳቀበት፤ በጉሙ ውስጥ የተደበቀው «አባ ጉም» ተብሎ ተሸለመ።

ባለፈው ዓመት ሙክት ላከልኝ፤ መለስሁት። በሳምንቱ ራሱ መጣ። ኩሬው ዳር አገኘኝ። አርጅቷል፤ ቁልቁለቱን በምርኩዝ ነው የወረደው።

«አበልጄ፣ ደኅና አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባላምባራስ።»

«ሙክቱን መለስሽው አሉኝ።»

«መለስሁት።»

«እኔ እኮ ምን እንዳደርግልሽ …» ብሎ ኩሬውን አየ። «ንጹሕ እንደነበረ አውቃለሁ። አንድም ቀን ከልቤ አልወጣም።»

«ከልብህ መውጣቱን አይደለም የምፈልገው፤ ከአፍህ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁም። ‹ጥሩነህ በረዶውን የሰበረው ለእኛ ነው፤ ስበር ያልሁት እኔ ነኝ፤ በሞተበት ቀን ግን አልነገርሁትም› በል። ያን ጊዜ ካህናቱ ያስገቡታል።»

«ይህን ያህል ዘመን አልፎ?»

«እሱ የትም አልሄደ። እዚያ ጉብታ ላይ ነው።»

በምርኩዙ መሬቱን ጫረ። «አባ ጉም የሚለኝ ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን የባንዳ ሚስት ሲለኝ የኖረው ሰው ነው። ሰምቼ አልሞትሁም።»

እሑድ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆሜ ጠበቅሁት። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲወጣ አየኝ። አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። ከዚያ አንድ ሰው «እንዴት አደሩ፣ አባ ጉም» ብሎ እጅ ነሣው፤ እሱም መልሶ እጅ ነሣና ከሰውየው ጋር በሌላኛው በር ወጣ። እንደገና አልመጣም። እኔም እንደገና አልለመንሁትም።

ያን ጎታ እስካሁን አለኝ። እንዳለው በየዓመቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፤ እደፍነዋለሁ። ያን ጠዋት ባላስቀረው ኖሮ እያልሁ ብዙ ዘመን ራሴን በላሁ። አሁን ትቼዋለሁ። እኔ ባሌን ያበጠ እጁን እንዲያሳርፍ ነው ያስቀረሁት። የገደለው ዝምታ ነው፤ ዝምታውም ባለቤት አለው፤ ስሙን ጽፌዋለሁ።

ካህናቱና ምእመናኑ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ከኩሬው በላይ ባለው መንገድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ባደረ ቁጥር የጥሩነህን ዘንግ ይዤ እወጣለሁ፤ በረዶውንም ከዳር እስከ ዳር እሰብራለሁ። ውኃው ያጤሳል። «ውኃ እያጤሰ አውሮፕላን ጠራ» ሲሉ የኖሩት ቆመው ያዩታል። አውሮፕላን አይመጣም።